ከአውራ ጣት እስከ ሻንጣ ሚዛን፦ የቀላል እግር መለኪያዎች ዳሰሳ

የእግር ሕመም በሚታይበት ክፍል ከሁሉ በላይ ሥራ የሚበዛበት መለኪያ የባለሙያው አውራ ጣት ነው። ተረከዙን ይጫናል፣ የውስጥ እግሩን ቅስት ሽቅብ ይገፋል፣ ቁርጭምጭሚቱን ያጥፋል፤ ከዚያም ካርዱ ላይ «ግትር» ወይም «ልል» ተብሎ ይጻፋል። ታካሚው ከስድስት ወር በኋላ ሲመለስ ሌላ ባለሙያ፣ ሌላ አውራ ጣት ይጠብቀዋል። እግሩ ተለውጦ ይሁን የሚጫነው እጅ ተለውጦ፣ ከካርዱ ላይ ማወቅ አይቻልም።

በሌላው ጫፍ ትልቁ ቤተ ሙከራ አለ። ወለል ውስጥ የተቀበረ የኃይል ሰሌዳ፣ በክፍሉ ዙሪያ የተተከሉ ካሜራዎች፣ የተቀዳውን አጣርቶ የሚተነትን የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ክፍል የዩኒቨርሲቲና የጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ንብረት ነው። ባለበት አገር እንኳ ሃያ ደቂቃ ለተመደበለት ታካሚ አይከፈትም።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ሜዳ ነው፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ የአካል ድጋፍ ሠሪ ወይም ነርስ በእጃቸው ሊሠሯቸው፣ ወይም ከገበያ ገዝተው ሊያሻሽሏቸው የሚችሉ መለኪያዎችን። ብዙ ሰው ጉዳዩን «በምን ይሠራል?» ብሎ ይጀምረዋል። እኔ እንደማየው ግን ዕቃው ከመገዛቱ በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ነገ ሌላ ሰው ቢለካበት ያንኑ ቁጥር ይሰጣል ወይ? ቁጥሩ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል በሕክምናው ላይ የምንለውጠው ነገር አለ ወይ? በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲጣሩ አንዳንድ ስመ ጥር መሣሪያዎች ይወድቃሉ፣ ሳንቲም የማያወጡ የሚመስሉት ደግሞ ያልፋሉ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማዕዘን ፍለጋ

በእግር ባዮሜካኒክስ ምርመራ ላይ ትልቁን አሻራ የተወው መርተን ሩት የተባለ የካሊፎርኒያ የእግር ሐኪም ነው። ከባልደረቦቹ ከኦሪየንና ከዊድ ጋር ሆኖ በ1971 የምርመራውን መመሪያ፣ በ1977 ደግሞ ስለ ጤናማና ስለታወከ የእግር አሠራር የሚያትት መጽሐፍ አሳተመ፤ አንድ ሙሉ ትውልድ በዚያ ተማረ። ዘዴው ግልጽ ነበር። ታካሚው በሆዱ ይተኛል። ተረከዙ ከኋላ በእስክሪብቶ መስመር ለሁለት ይከፈላል። ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው መገጣጠሚያ «ገለልተኛ» ወደተባለ ቦታ ይመጣል፤ ከዚያ ማዕዘኑ በጎኒዮሜትር ይነበባል። የጫማ ውስጥ ድጋፍ የሚታዘዘው እግሩ ከዚህ ቦታ በስንት ዲግሪ እንደራቀ ታይቶ ነው።

ጎኒዮሜትር ከተማሪ ፕሮትራክተር ብዙ የማይለይ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ለመሥራት ማንንም አያስቸግርም። ችግሩ ከመሣሪያው ሳይሆን ከሚለካው ነገር ነው። መስመሩ የሚሰመረው ቆዳ ላይ ነው፤ ሰውየው ሲቆም ቆዳው በአጥንቱ ላይ ይንሸራተታል። ተረከዝ ደግሞ ክብ ስለሆነ መሃሉ የት ነው ለሚለው ሁለት ባለሙያ ሁለት መልስ አለው። በመገጣጠሚያው ላይ የሚፈለገው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ በመሆኑ የአሰማመሩ ስህተት ይውጠዋል። በ2017 በእንግሊዝ የሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሃና ጃርቪስና ባልደረቦቿ፣ ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች በሩት ዘዴ ለክተው፣ ያንኑ ሰው ሲራመድ ከተቀዳው እንቅስቃሴ ጋር አስተያዩት። ተኝቶና ቆሞ የተለካው ማዕዘን እግሩ ሲራመድ የሚያደርገውን አልተነበየም።

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላም ማዕዘኑን በሌዘር ወይም በዲጂታል መሣሪያ ለማንበብ የሚደክም ሰው አልጠፋም። መስመሩ የተሳሳተ ከሆነ ዲጂታል መሆኑ የሚጨምረው ነገር ቢኖር ስህተቱን እስከ አስርዮሽ ቤት ድረስ ማንበብ ነው። ለዚህ ዓይነቱ መሣሪያ የሚወጣው ጊዜ ለሌላ ቢውል ይሻላል።

ኃይሉን መለካት

ቨርን ኢንማን የተባለው አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም በ1976 ባሳተመው ሥራ፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው መገጣጠሚያ የሚዞርበት ዘንግ ከወለሉ በአማካይ 42 ዲግሪ ከፍ እንደሚል፣ ከእግሩ መሃል መስመር ደግሞ 23 ዲግሪ ወደ ውስጥ እንደሚያዘነብል አሳየ። ከአማካዩ ይልቅ የሚያስደንቀው የሰው ከሰው ልዩነቱ ነው፤ የወደ ውስጥ ማዘንበሉ ከ4 እስከ 47 ዲግሪ ይደርሳል። እንግዲህ ሁሉንም እግር በአንድ ልክ ማሰብ ከመጀመሪያው ስህተት ነበር ማለት ነው።

ኬቪን ኪርቢ የተባለ የእግር ሐኪም በ1987 ይህን ዘንግ በአውራ ጣት የሚፈልጉበትን ዘዴ ጻፈ። የውስጥ እግሩን ነጥብ በነጥብ ይጫኑታል። ጣቱ ከዘንጉ ወደ ውስጥ በኩል ሲያርፍ እግሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል፤ ወደ ውጭ በኩል ሲያርፍ ወደ ተቃራኒው ይዞራል፤ በዘንጉ ላይ ሲያርፍ ግን አይዞርም። የማይዞርባቸው ነጥቦች በእስክሪብቶ ሲያያዙ የዘንጉ አቅጣጫ ቆዳው ላይ ይሳላል። እጅግ ብልህ ዘዴ ነው፤ የሚጠይቀው ግን የሠለጠነ እጅ ነው። በ2006 ስፑነርና ኪርቢ ሰውየው እግሩ ላይ ቆሞ ሳለ የዘንጉን ቦታ የሚከታተል መሣሪያ ሠርተው የመጀመሪያ ሪፖርት አወጡ።

ከዘንጉ ቦታ ይልቅ ለክሊኒክ የሚቀርበው ግን የዘንጉን ውጤት መለካት ነው። ዘንጉ ወደ ውስጥ በጣም ያዘነበለ እግር ሲቆም ቅስቱ ወደ ወለሉ ይጫናል፤ ያን ቅስት ሽቅብ ለማንሳት ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ኪርቢ በ1992 የገለጸው ሙከራ ይኸው ነው፦ ሁለት ጣት ከቅስቱ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ መሳብና «ከባድ» ወይም «ቀላል» ብሎ መፍረድ። ኖክስና ፔይን በ2003 ሲፈትሹት ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ደግመው ሲለኩ ቁጥራቸው ተቀራረበ፣ የአዲሶቹ ግን ተበታተነ። የዚያው ዓመት ሌላ የፔይን ጥናት ደግሞ ኃይሉን በይበልጥ የሚወስነው የሰውየው ክብደት ሳይሆን የዘንጉ ቦታ መሆኑን አመለከተ። ቀጭን ሰው ከባድ እግር ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። ግሪፊትስና ማኪዋን በ2012 የእጁን ፍርድ በቁጥር የሚተካ መሣሪያ አቀረቡ።

እንዲህ ያለውን ነገር ክሊኒክ ውስጥ መሥራት ይቻላል። የሻንጣ ሚዛንን ወደ አገር ቤት የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እጀታ፣ መንጠቆና ትንሽ ስክሪን ነው። ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ የጨርቅ ማሰሪያ ከቅስቱ ሥር ያልፋል፤ ጫፎቹ ሚዛኑ መንጠቆ ላይ ይያያዛሉ። ታካሚው በሁለት እግሩ፣ ጡንቻውን ሳይወጥር፣ ዝቅ ባለ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ላይ ይቆማል። ባለሙያው ማሰሪያውን በቅልጥሙ አጠገብ ቀጥ አድርጎ ቀስ እያለ ይስባል። ስክሪኑ ላይ 15 ኪሎ ቢነበብ፣ በ9.8 ሲባዛ 147 ኒውተን ይሆናል።

ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል፤ ጣጣው ግን ገና መጀመሩ ነው። ቁጥሩ የሚነበበው በየትኛው ቅጽበት ነው? እግሩ «መንቀሳቀስ ሲጀምር» ከተባለ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ያያል። ከአውራ ጣቱ ሥር አጥንት በታች ቁራጭ ወረቀት አስገብቶ፣ ወረቀቱ ሳይያዝ የሚወጣበትን ቅጽበት መያዝ አንዱ መላ ነው፤ ሌላ መላም ሊመረጥ ይችላል፣ ብቻ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። ማሰሪያው ትንሽ ካዘነበለ ቁጥሩ ይለወጣል። በፍጥነት ከተሳበም እንዲሁ። ደግሞ ብዙዎቹ ዲጂታል የሻንጣ ሚዛኖች ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቀው ይቆልፋሉ እንጂ ያለፈውን ከፍተኛ ቁጥር አይዙም፤ ሻንጣ ተንጠልጥሎ ይረጋል፣ እግር ግን አይረጋም። ከመግዛት በፊት ይህን ሱቁ ውስጥ ማየት ነው።

ያው ሚዛን ለአውራ ጣትም ያገለግላል። ሰው ቆሞ ሳለ የእግሩ አውራ ጣት ሽቅብ ሲታጠፍ ከተረከዝ የሚነሣው ጅማት ይወጠርና ቅስቱ ከፍ ይላል፤ ጆን ሂክስ በ1954 የገለጸው ዘዴ ነው። ጃክ የተባለ ሐኪም ከዚያ ዓመት ቀደም ብሎ በ1953 ስለዚሁ ምርመራ ጽፎ ስለነበር ምርመራው በስሙ ይጠራል። ጣቱን ለማንሳት ምን ያህል ኃይል እንደጠየቀ በሚዛን ማንበብ ይቻላል። ጥንቃቄው ማሰሪያው ያረፈበት ቦታ ላይ ነው። ከመገጣጠሚያው 4 ሴንቲ ሜትር ርቆ 3 ኪሎ የጠየቀው ጣት፣ በ2 ሴንቲ ሜትር ላይ 6 ኪሎ ይጠይቃል፤ መዝጊያን ከማጠፊያው አጠገብ ይዞ እንደመግፋት ነው። ስለዚህ ርቀቱን በማስመሪያ ለክቶ ካርዱ ላይ መጻፍ ግድ ነው። ርቀቱ ያልተጻፈ የኃይል ቁጥር ምንም አይናገርም።

ግድግዳ፣ ሜትርና ውሃ ልክ

ከሁሉም የቤት ውስጥ መለኪያዎች እኔ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ግድግዳውን እመርጣለሁ። ወለሉ ላይ ከግድግዳው ጀምሮ የልብስ ሰፊ ሜትር በፕላስተር ይለጠፋል፤ ግድግዳው ላይ ከሜትሩ ትይዩ ቀጥ ያለ መስመር በቱንቢ ይሰመራል። ታካሚው እግሩን ሜትሩ ላይ አድርጎ ጉልበቱን ወደ መስመሩ ያጥፋል። ተረከዙ ሳይነሣ ጉልበቱ ግድግዳውን እስከነካ ድረስ እግሩ ወደ ኋላ እየራቀ ይሄዳል። የመጨረሻው ርቀት፣ ከግድግዳው እስከ ትልቁ ጣት ጫፍ፣ ይጻፋል። ኪም ቤኔልና ባልደረቦቿ በአውስትራሊያ በ1998 ሲፈትሹት አንዱ ባለሙያ ከራሱም ሆነ ከሌላው ጋር ጥሩ ስምምነት ነበረው። አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ 3.6 ዲግሪ የሚጠጋ የቁርጭምጭሚት እጥፋት ነው ተብሎ ይታሰባል።

ይህ መለኪያ ለምን ያሸንፋል? ለመሣሪያው ርካሽነት አይደለም። የሚለካው ሰውየው ቆሞ፣ ክብደቱን ተሸክሞ፣ ሲራመድና ደረጃ ሲወርድ የሚፈልገውን እንቅስቃሴ ነው። ማቆሚያውም የማያሻማ ነው፤ ጉልበቱ ግድግዳውን ነክቷል ወይም አልነካም። ቁጥሩም በቀጥታ ወደ ሕክምና ይወስዳል፤ ባቱ ካጠረ ይዘረጋል፣ ካልተዘረጋ የተረከዝ ከፍታ ይጨመራል። ረጅም ሰውና አጭር ሰው በሴንቲ ሜትር ሲነጻጸሩ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ለዚያ ጊዜ ስልኩ ውስጥ ያለው ውሃ ልክ ይበቃል፦ ስልኩን ቅልጥሙ ላይ፣ ከጉልበት ሥር በተወሰነ ርቀት አስደግፎ ዲግሪውን ማንበብ። አንድ ነገር ብቻ አይዘንጋ፤ ስልኩን መጀመሪያ በእውነተኛ ውሃ ልክ በተስተካከለ ቦታ ላይ ዜሮ ማለቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የስልኩ ሽፋን ጎርበጥ ያለ ከሆነ ሁለት ሦስት ዲግሪ በነፃ ይጨምራል።

የቅስቱን መውረድ በካርቶን ቁራጭ የመለካት ዘዴም በብሮዲ ከ1982 ጀምሮ ይታወቃል። ታካሚው ተቀምጦ ሳለ በቅስቱ ጫፍ ላይ ያለው ጎላ ያለ አጥንት ከወለሉ ያለው ከፍታ ካርቶኑ ላይ ይሰመራል፤ ሲቆም ደግሞ ይሰመራል፤ የሁለቱ ልዩነት በሚሊ ሜትር ይለካል። ቀላል ቢሆንም አጥንቱን በጣት ማግኘት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ አንድ ባለሙያ ራሱን በራሱ ለመከታተል እንጂ በሁለት ክሊኒክ መካከል ለማነጻጸር አላምነውም።

ቀለምና ወረቀት

ሃሪስና ቢዝ የካናዳን ወታደሮች እግር መርምረው በ1947 ባወጡት ጥናት ከ3,600 በላይ ሰው አልፏል። መሣሪያቸው የጎማ ምንጣፍ ነበር። ምንጣፉ ከፍታቸው የሚለያይ ጠርዞች አሉት፤ ቀለም ይቀባና ወረቀት ይነጠፍበታል። ቀላል ክብደት ያረፈበት ቦታ ረጃጅሞቹን ጠርዞች ብቻ ያትማል፤ ከባድ ክብደት ያረፈበት አጫጭሮቹንም ጨምሮ ያጠቁራል። ኤሌክትሪክ የለ፣ ፕሮግራም የለ፤ ግፊቱ ራሱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይወጣል።

ያለ ልዩ ምንጣፍም በማህተም ቀለምና በወረቀት የእግር አሻራ ማውጣት ይቻላል። ካቫናና ሮጀርስ በ1987 ያቀረቡት ስሌት አሻራውን ከጣቶቹ ውጭ በርዝመት ለሦስት እኩል ከፍሎ፣ የመሃሉን ስፋት ለጠቅላላው ስፋት ማካፈል ነው። ውጤቱ 0.21 ወይም ከዚያ ቢያንስ ቅስቱ ከፍ ያለ ነው፤ 0.26 ወይም ከዚያ ቢበልጥ ጠፍጣፋ ነው። ስፋቱን ለማግኘት ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ በኮምፒውተር መቁጠር ይቻላል፤ ኮምፒውተር ከሌለ የሒሳብ ደብተር ካሬዎች ይበቃሉ።

በዚሁ አሻራ ነው ራኦና ጆሴፍ በሕንድ በ2,300 ሕፃናት ላይ ጥናት አድርገው በ1992 ያሳተሙት። ጫማ ከሚያደርጉት መካከል 8.6 በመቶው፣ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱት ደግሞ 2.8 በመቶው ብቻ ጠፍጣፋ እግር ነበራቸው። ጥናቱ ዛሬም ይጠቀሳል፣ መሣሪያው ግን ቀለም ነበር። ቢሆንም አሻራው ቅስት ብቻ አይደለም የሚያትመው። ዌሪንግና ባልደረቦቹ በ2004 ያሳዩት፣ ስብ የበዛበት ሰው አሻራ ቅስቱ ሳይወድቅ ሊሰፋ እንደሚችል ነው። የወፍራም ሰው አሻራ ሲታይ «ጠፍጣፋ» ከማለት በፊት እግሩን በዓይን ማየት ይገባል።

የማይሰማው እግር

የእግር መለኪያ ሕይወት ያዳነባቸው ክፍሎች የሥጋ ደዌና የስኳር ሕመም ናቸው። በሕንድ ቬሎር፣ ከ1966 ጀምሮም በአሜሪካ ካርቪል የሠራው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ፣ የሥጋ ደዌ ታካሚዎች እግር የሚቆስለው ሥጋው ስለሚበሰብስ ሳይሆን ሕመም ስለማይሰማውና በአንድ ቦታ ላይ ግፊት ስለሚደጋገምበት መሆኑን ሲከራከር ኖረ። ግፊቱን ለማየት ከባልደረባው ጋር የሠራው ካልሲ በጥቃቅን የቀለም እንክብሎች የተሞላ ነበር፤ ግፊት በበዛበት ቦታ እንክብሎቹ ይፈነዱና ካልሲው ይቀልማል። በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ታካሚዎች ጫማ የሚሠራ ወርክሾፕ ይዞ የኖረው በዚሁ አስተሳሰብ ውስጥ ነው። ዛሬ የቀለም እንክብል ባይገኝም የቢሮ ካርቦን ወረቀት ከነጭ ወረቀት ጋር ጫማ ውስጥ ገብቶ ጥቂት እርምጃ ቢራመዱበት የትኛው ቦታ እንደሚጫን ያሳያል። ቁጥር አይሰጥም። ሶሉ የት እንደሚቦረቦር ለመወሰን ግን ቁጥር አያስፈልግም።

ስሜትን ለመፈተሽ የሚያገለግለው ባለ 10 ግራም የናይሎን ክር ነው። በ1986 በርክና ሲምስ ከካርቪል ባወጡት ሥራ፣ ይህ ክር ሲጫነው የማይሰማው እግር ከቁስል የሚጠብቀውን ስሜት እንዳጣ አሳዩ። ክሩ ከዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ሊሠራ ይችላል፤ የሚያስፈልገው የክሩ ውፍረትና ርዝመት መመጣጠን ነው። ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን የሚጎብጥበት ኃይል አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል፤ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ክሩን በምላጭ ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር እያሳጠሩ፣ በዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አቁሞ እስኪጎብጥ መጫን ነው። ሚዛኑ 10 ግራም ሲያነብ ክሩ ደረሰ። እርጥበት ናይሎንን ያለሰልሳል፣ ተደጋጋሚ አጠቃቀምም ያደክመዋል፤ ከአሥር ታካሚ በኋላ አንድ ቀን ያህል ማሳረፍ የተለመደ ምክር ነው። በፋብሪካ የተሠራውንም በዚሁ ሚዛን መፈተሽ ይገባል። ሁሉም 10 ግራም አይደሉም።

ስለ ሙቀት መለኪያ ጥቂት ልበል፤ ባዮሜካኒክስ አይደለም የሚል ቢኖርም። ግፊት የበዛበት ሥጋ ከመቁሰሉ በፊት ይሞቃል። ላቨሪ፣ አርምስትሮንግና ባልደረቦቻቸው በ2004ና በ2007 ባወጧቸው ሙከራዎች፣ የስኳር ታካሚዎች የሁለቱን እግሮቻቸውን ተመሳሳይ ቦታዎች በየቀኑ ለክተው የ2.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ሲያዩ እግራቸውን እንዲያሳርፉ ተደረገ፤ ቁስል ቀነሰ። በኮሮና ዘመን በየሕንፃው በር ላይ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው መሣሪያ ለዚህ ይሆናል፤ ግን እንዳለ አይደለም። የግንባር መለኪያ የቆዳውን ሙቀት ወደ ሰውነት ውስጥ ሙቀት አስልቶ ነው የሚያሳየው፤ ቀዝቃዛ እግር ላይ ሲደገን አንዳንዱ ቁጥር እንኳ አይሰጥም። የዕቃ ገጽታን ወደሚለካው አሠራር መቀየር አለበት። ይህ መሣሪያ ሁለቱንም ጥያቄዎች ያልፋል፦ ይደገማል፣ ልዩነቱ ሲታይም ምን እንደሚደረግ ይታወቃል።

ሽቦ ሲገባ

በምህንድስና ትምህርት ቤቶች የመመረቂያ ሥራ ሆኖ በየዓመቱ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ ግፊት የሚያነብ የጫማ ሶል። ስስ የግፊት አነፍናፊዎች ሶሉ ላይ ይለጠፋሉ፣ አርዱዊኖ ከተባለች ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር ይያያዛሉ፣ ስልክ ላይ ቀይና ሰማያዊ የእግር ሥዕል ይወጣል። ያማረ ነው። በኪሎፓስካል የሚሰጠውን ቁጥር ግን አላምንም፤ ምክንያቴም ይኸውላችሁ።

እነዚህ ርካሽ አነፍናፊዎች ክብደት ሲጫንና ሲነሣ አንድ ዓይነት አያነቡም፤ ክብደቱ ሳይለወጥ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ ሶሉ ሲታጠፍ ማንም ሳይጫናቸው ያነባሉ፤ ላብና ሙቀት ይለውጣቸዋል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የስፋታቸው ነገር ነው። 10 ኒውተን በ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ሲያርፍ 100 ኪሎፓስካል ነው፤ ያው ኃይል በ4 ካሬ ሴንቲ ሜትር አነፍናፊ ሲነበብ 25 ይሆናል። አደገኛዋ ትንሽ ቦታ በአማካዩ ውስጥ ትጠፋለች። የስኳር እግር ዓለም አቀፍ መመሪያ በጫማ ውስጥ ያለው ከፍተኛ ግፊት ከ200 ኪሎፓስካል በታች እንዲሆን፣ ወይም ቢያንስ በ30 በመቶ እንዲቀንስ ይመክራል። በቤት የተሠራ ሶል 150 አንብቦ እውነቱ 300 ቢሆን፣ ታካሚው ደኅና ነህ ተብሎ ወደ ቁስል ይሸኛል። እነዚሁ አነፍናፊዎች ጊዜን ለመያዝ ግን ጥሩ ናቸው፤ ተረከዙ መቼ አረፈ፣ ጣቱ መቼ ተነሣ፣ ቀኙ ከግራው በምን ያህል ዘገየ ለሚለው ያገለግላሉ። ለዚህ መርገጡንና አለመርገጡን ማወቅ ብቻ ይበቃል።

ክብደትን በቁጥር ለሚፈልግ የተሻለው መንገድ የሰው ሚዛን ውስጥ ያሉት አራት የክብደት አነፍናፊዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው አብዛኛውን ጊዜ 50 ኪሎ ይሸከማሉ። ኤች ኤክስ 711 በተባለች ርካሽ ማጉያ በኩል ይነበባሉ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ይጠቅማል። ማጉያዋ እንደ አገጣጠሟ በሰከንድ 10 ወይም 80 ጊዜ ታነባለች። በመደበኛ አካሄድ አንድ እግር ወለሉን ረግጦ የሚቆየው ከ0.6 እስከ 0.7 ሰከንድ ነው። በ10 ንባብ ከአንድ እርምጃ የሚገኘው ስድስት ወይም ሰባት ነጥብ ነው፤ በዚያ ላይ የሚሳለው ግራፍ ግምት ነው። በ80 ንባብ ወደ ሃምሳ ነጥብ ይገኛል፤ ለቀስታ አካሄድ ይሆናል፣ ለሩጫ አይሆንም። ለመቆም ሚዛንና ለሰውነት መወዛወዝ ግን ሁለቱም ይበቃሉ። ኒንቴንዶ በ2007 ለጨዋታ ያወጣው የሚዛን ሰሌዳ የተሠራው በዚሁ መርህ ነበር፤ ሮስ ክላርክና ባልደረቦቹ በ2010 ከቤተ ሙከራ የኃይል ሰሌዳ ጋር አስተያይተው የመቆም ሚዛንን ለመገምገም ተስማሚ ሆኖ አገኙት። ሰሌዳው ከጨዋታው ጋር ከገበያ ወጣ እንጂ መርሁ የትም አልሄደም።

ከዚህም በታች ያለውን ማንሳት ካስፈለገ፣ ሁለት ተራ የሰው ሚዛን ጎን ለጎን አስቀምጦ ታካሚውን በእያንዳንዱ ላይ አንድ እግሩን አሳርፎ ማቆም ነው። እግሩ ተሰብሮ የዳነ ሰው በጤነኛው ላይ 45፣ በታመመው ላይ 20 ኪሎ እንደጫነ በዓይኑ ሲያይ ሌላ ማብራሪያ አይሻም።

ሚዛንም ሆነ ሰሌዳ ሲሠራ የታወቀ ክብደት ጭኖ ማረጋገጥ የግድ ነው። ለዚህ ውድ የብረት ድንጋይ አያስፈልግም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ተሞልቶ፣ ባዶው ከነክዳኑ በታመነ ሚዛን ተመዝኖ ተደምሮ፣ ሰሌዳው መሃል ላይ አንዴ፣ በየማዕዘኑ ደግሞ አንድ አንድ ጊዜ ይቀመጥ። አምስቱ ንባቦች ካልተቀራረቡ ሰሌዳው ጎብጧል ወይም አንዱ አነፍናፊ አልተቀመጠም። ሌላ ጀሪካን ሲጨመር ቁጥሩ በዚያው መጠን መጨመር አለበት። ጭነቱ ሲነሣ ደግሞ ወደ ዜሮ መመለስ አለበት። ይህን ፈተና ሳያልፍ ታካሚ ያቆመ ሰሌዳ መለኪያ ተብሎ መጠራት የለበትም።

ያለ መሣሪያ

መሣሪያ ከመሥራት በፊት የማያስፈልግበትን ቦታ ማወቅ ጊዜ ይቆጥባል። ሬድመንድና ባልደረቦቹ በ2006 ያወጡት የእግር አቋም መለኪያ ስድስት ነገሮችን በዓይንና በጣት አይቶ ለእያንዳንዳቸው ከ−2 እስከ +2 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ0 እስከ +5 ከሆነ እግሩ እንደ ብዙ ሰው ነው። የቆልማማ እግር ሕክምና የሚከታተሉ ሐኪሞች ሻፊቅ ፒራኒ በቀመረው ከ0 እስከ 6 በሚሄድ ነጥብ ይሠራሉ፤ ጀሶው በየሳምንቱ ሲቀየር ነጥቡ ሲወርድ ይታያል፣ የተረከዙ ጅማት መቼ እንደሚቆረጥም ለመወሰን ያግዛል። የስኳር ታካሚን የጣቶች ጫፍ በጣት ጫፍ ነካ አድርጎ ስሜቱን የመፈተሽ ዘዴም ከእንግሊዟ ኢፕስዊች ከተማ በ2011 ወጥቶ ናይሎን ክር በሌለበት ሁሉ ይሠራበታል። ሦስቱም ሥርዓት የያዙ ዓይንና እጅ ናቸው። በመጀመሪያ ያነሣነው አውራ ጣት የጎደለው ይኸው ሥርዓት ነበር።

የራስን ስህተት ማወቅ

ማንኛውም የቤት ውስጥ መለኪያ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈጅ ፈተና ይበቃዋል። አሥር ሰው ይሰለፋል፤ ቢቻል እግራቸው የተለያየ። ሁለት ባለሙያ እያንዳንዱን ሰው ይለካሉ፣ አንዱ የሌላውን ቁጥር ሳያይ። ለእያንዳንዱ ሰው የሁለቱ ልዩነት ይወጣል፤ የእነዚህ አሥር ልዩነቶች ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ይሰላል፤ በ1.96 ይባዛል። የሚገኘው ቁጥር ከመሣሪያው ስህተት በላይ የሆነ ለውጥ ከየት እንደሚጀምር ይናገራል። የግድግዳው መለኪያ ልዩነቶች ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 0.7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ደፉ ወደ 1.4 ነው። ከ6 ወደ 7 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ታካሚ ተሻሽሏል ብሎ ለመጻፍ ገና ነው፤ ወደ 8 ሲደርስ መጻፍ ይቻላል። አሥር ሰው ለምርምር ጽሑፍ ትንሽ ነው፤ ለአንድ ክሊኒክ ግን ከምንም በጣም ይሻላል። ሁለቱ ባለሙያዎች አንዱ ሁልጊዜ ከሌላው ከፍ እያለ የሚያነብ ከሆነም በዚሁ ሠንጠረዥ ላይ ይታያል፤ ያን ጊዜ አለካኩን አብሮ ማየት ነው።

ሕጉም አይረሳ። ለራስ ክሊኒክ የተሠራ ካርቶንና ሜትር አንድ ነገር ነው፤ ሠርቶ ለሌላ መሸጥ ግን የሕክምና መሣሪያ ማምረት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አነስተኛ አደጋ ያለው መሣሪያ እንኳ የሚለካ ከሆነ ለመለኪያነቱ ብቻ ተጨማሪ ምርመራ ይጠየቃል፤ በኢትዮጵያም የሕክምና መሣሪያዎችን የሚቆጣጠር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ። ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ሰሌዳ ላይ ታካሚን በባዶ እግር ማቆም ደግሞ ሕግ ባይኖርም አይደረግም፤ በባትሪ ይሥራ።

ስለዚህ ለአንድ ተራ ክሊኒክ የምሰጠው ዝርዝር አጭር ነው፦ ከግድግዳ ጀምሮ ወለል ላይ የተለጠፈ ሜትር፣ የማህተም ቀለም፣ በሚዛን የተፈተሸ ናይሎን ክር፣ የሙቀት መለኪያ፣ ሁለት የሰው ሚዛን። የሻንጣ ሚዛኑ የሚከተለው እነዚህ ሥራ ላይ ከዋሉ በኋላ ነው፤ ባለ አነፍናፊ ሶሉ ደግሞ ለተማሪዎቹ ይቆይ። የሚቀጥለውን ታካሚ ስትለኩ ከቁጥሩ ጎን በምን እንደተለካ፣ ማን እንደለካውና የመሣሪያውን ስህተት ጻፉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ካርዱን የሚከፍተው ባለሙያ የሚፈልገው ይህንን ነው።